ከእንጨት ዓሣ የቀረጸው ሰው፤ የላውሪ ራፓላ የሕይወት ታሪክ

በባሌ ደጋ ለምንኖር ሰዎች ወንዝና ምንጭ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሳነቴ አምባና በዙሪያው ካሉት ተራሮች የሚወርደው ውሃ ብዙ ወንዞችን ይመግባል። ከእነርሱም አንዱ ወይብ በዲንሾ አጠገብ አልፎ ወደ ቈላው ይወርድና በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ለውስጥ ይፈስሳል። በዚህ በወይብና በገባሩ በደንካ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ ይኖራል። ትራውት የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ በወንዞቻችን የተለቀቀ እንግዳ ነው። ነገር ግን ብርዱ ስለ ተስማማው ረብቷል። ይህን ዓሣ ለማጥመድ የሚወጡ ሰዎች ከሚይዙት ዕቃ መካከል አንዱ ዐይን ይስባል። ይኸውም ጣት የምታህል፣ ጀርባዋ የጠቈረ፣ ጐኗ የሚያብለጨልጭ፣ ከሆዷ በታች መንጠቆ የተንጠለጠለባት ትንሽ ሐሰተኛ ዓሣ ናት።

ይህችን የመሰለች ዓሣ ከእንጨት ቀርጾ ስሙን በዓለም ያስጠራው ሰው ላውሪ ራፓላ ይባላል። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር መሪዎች መጻፍ የተለመደ ነው። እኛ ግን የድኻ ልጅ ሆኖ ስለ ተወለደ፣ ከእጁና ከዐይኑ በቀር ሌላ ሀብት ስላልነበረው ስለዚህ አንድ ዓሣ አጥማጅ ብንጽፍ ለአንባቢዎቻችን የበለጠ ይጠቅማል ብለን አሰብን። በታሪኩ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ላውሪ የተወለደው ኅዳር 25 ቀን 1905 በፊንላንድ አገር ሲስማ በሚባል ወረዳ ነው። ፊንላንድ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ፣ በሺሕ የሚቈጠሩ ሐይቆችና ሰፊ የጥድ ደን ያሏት አገር ናት። ክረምቷ ረጅም ነው። ሐይቆቿ በብርድ ጊዜ እንደ ድንጋይ ስለሚረጉ ሰው በላያቸው ይሄዳል፤ ፈረስም ሸክሙን እየጐተተ ይሻገርባቸዋል። ላውሪ በተወለደበት ዘመን አገሪቱ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች፤ ነፃነቷን ያገኘችው በ1917 ነው።

የስሙ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በአባታችን ስም እንጠራለን፤ ሰው ሲተዋወቅም አስቀድሞ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ላውሪ ግን በመጀመሪያ ሳሪነን በሚለው በእናቱ በማሪ የቤተ ሰብ ስም ነበር የሚጠራው። ዕድሜው 7 ዓመት ገደማ ሲሆን እናቱ ይዛው ወደ አሲካላ ወረዳ ተሻገረች። የዚያ ደብር ቄስ አዲስ መጤዎችን በመዝገብ ሲያሰፍሩ የማሪ የቤተ ሰብ ስም ከአእምሮአቸው ጠፋ። ስለዚህ እናትና ልጅ ከመጡበት መንደር ስም ወስደው ራፓላ ብለው ጻፏቸው ይባላል። እንግዲህ በአንድ ቄስ መርሳት የተገኘው ይህ ስም ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ተሻግሮ በሚሊዮን በሚቈጠሩ ትንንሽ ሣጥኖች ላይ ሊታተም ነበር። የድኻይቱን ልጅ በዚያ ቀን ያየ ሰው ይህን ሊገምት አይችልም ነበር።

ላውሪ በአሲካላ አደገ። አሲካላ የሚገኘው ከፊንላንድ ሐይቆች በስፋት ሁለተኛ በሆነው በፓይያነ ሐይቅ ዳር ነው። ይህ ሐይቅ ከ1,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ከጣና ጋር ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ርዝመቱ ግን ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወጣቱ ላውሪ መሬት አልነበረውም። በክረምት ወራት በደን ውስጥ እንጨት እየቈረጠ፣ በበጋ በሰው እርሻ ላይ እየሠራና ዓሣ እያጠመደ ይኖር ነበር። በ1928 ኤልማ ሌፓነን የምትባለውን ልጃገረድ አገባ። በዓመቱም የዓለም ንግድ ወደቀ፤ ሥራ ጠፋ፤ ገንዘብም ተወደደ። ልጆች ሲወለዱ የሚበሉት ከሐይቁ መምጣት ነበረበት።

በዚያን ጊዜ የነበረውን የአጠማመድ ዘዴ ማወቅ ለቀረው ታሪክ ያስፈልጋል። ዓሣ አጥማጁ ረጅም ገመድ ይወስዳል። በገመዱ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ መንጠቆዎች ይንጠለጠላሉ። በእያንዳንዱ መንጠቆ ላይ አንድ ትንሽ ዓሣ መሰካት አለበት፤ ትልቁ ዓሣ የሚመጣው ትንሹን ሊበላ ነውና። ስለዚህ አጥማጁ ትልቁን ከማጥመዱ በፊት ትንንሾቹን በመረብ መያዝ፣ ከዚያም አንድ በአንድ መሰካት፣ ገመዱን በውሃ ውስጥ መዘርጋት፣ ደግሞም ተመልሶ መሰብሰብ ነበረበት። ላውሪ ይህን ሁሉ ብቻውን በጀልባ ላይ ሆኖ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር እየቀዘፈ ይሠራ ነበር። ትንንሾቹ ዓሦች ያልተገኙ ቀን መንጠቆው ባዶ፣ ገበታውም ባዶ ይሆናል። እንግዲህ ወደ አዲሱ ሐሳብ የመራው ጨዋታ ወይም መዝናናት ሳይሆን ይህ ችግር ነበር።

ላውሪ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ከጀልባው ጐን ወደ ውሃው አዘውትሮ ይመለከት ነበር። ትንንሾቹ ዓሦች በመንጋ ሆነው ሲሄዱ ያያል። ፓይክ የሚባለው ጥርሳም ዓሣ ወይም ትራውት ድንገት ከጥልቁ ወጥቶ በመንጋው ላይ ይወረወራል። ላውሪ ብዙ ጊዜ ካየ በኋላ አንድ ነገር አስተዋለ። አዳኙ ዓሣ ያገኘውን ሁሉ አይዝም፤ በመቶ ከሚቈጠሩት መካከል አካሄዷ ከሌሎቹ የተለየውን፣ ቈስላ ወይም ደክማ ወደ ጐንና ወደ ጐን የምትንገዳገደውን አንዲቱን መርጦ ይውጣል። በባሌ ተራራ ላይ በግ የጠበቀ ልጅ ይህን ነገር ለመረዳት አይቸግረውም። ጅብም ቢሆን ከመንጋው አስቀድሞ የሚያየው አንካሳይቱን ነው። ላውሪ ከዚህ ተነሥቶ እንደዚያች እንደ ቈሰለችው ዓሣ እየተንገዳገደች የምትዋኝ ሐሰተኛ ዓሣ ቢሠራ፣ በየጊዜው እውነተኛ ዓሣ መሰካት ሳያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ሊያጠምድ እንደሚችል አሰበ።

ከእርሱ በፊት የእንጨት ማጥመጃ የሠራ ሰው አልነበረም ማለታችን አይደለም። በአሜሪካ ጄምስ ሄደን የተባለ ንብ አርቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእንጨት እንቍራሪት እየቀረጸ ያጠምድ ነበር፤ በኋላም የማጥመጃ ፋብሪካ አቋቋመ። የላውሪ ሥራ የተለየው ግን መልክን ብቻ ሳይሆን አካሄድን በመምሰሉ ነው።

በ1936 የመጀመሪያይቱን ዓሣ ቀረጸ። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን የያዘበት ዓመት ነው። ላውሪ የነበረው መሣሪያ የጫማ ሰፊ ቢላዋና የብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነበር። አካሏን ከቡሽ ሠራ። ጐኗ እንዲያብለጨልጭ ቸኮላታ የሚጠቀለልበትን ስስ የብረት ወረቀት አለበሳት። ውሃ እንዳያበላሻት የሚቀባ ቫርኒሽ መግዛት ስላልቻለ የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባት። ሌላ ሰው የሚጥለውን ነገር ሁሉ እርሱ ለሥራ አዋለው። በአንድ ጊዜም አልተሳካለትም፤ እየቀረጸ፣ በውሃ እየሞከረ፣ ያልሆነውን እየጣለ፣ እንደ ገና እየቀረጸ ነው ወደሚፈልገው አካሄድ የደረሰው።

አሠራሩን ባጭሩ እንግለጽ፤ በእጁ መሥራት የሚወድ ተማሪ ይጠቀምበታልና። በመጀመሪያ ቀላል እንጨት ይመረጣል። ከባድ እንጨት ይሰጥማል፤ ቢንሳፈፍም እንደ ሕያው አይንቀሳቀስም። ራፓላ በመጀመሪያ ቡሽና የጥድ ቅርፊት፣ በኋላም ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣውን ባልሳ የተባለ እጅግ ቀላል እንጨት ተጠቅሟል። በአገራችን አማርኛ ተናጋሪው ኮርች፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ወለንሱ የሚለው ዛፍ እንጨቱ ቀላልና ለቢላዋ የሚመች ስለሆነ ለሙከራ ይበጃል፤ ወይራ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንጨቱ ከመካከሉ ወፈር፣ ከጭራው ቀጠን ተደርጎ ይቀረጻል፤ በብርጭቆ ወረቀትም ይለሰልሳል። ከዚህ በኋላ ሆዷ በርዝመቱ ይሰነጠቅና ከአፍ እስከ ጭራ ሽቦ ይገባበታል። ሽቦው በአፏ፣ በሆዷና በጭራዋ በኩል እንደ ቀለበት ታጥፎ ይወጣል፤ በአፏ ቀለበት ክር፣ በሌሎቹ መንጠቆ ይታሰራል። ይህ ሽቦ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ትልቅ ዓሣ ሲጐትት እንጨቱ ቢሰበር እንኳ መንጠቆው ከክሩ አይለይምና። ሆዷ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ይጨመራል፤ እርሱም እንዳትገለበጥ ይጠብቃታል። ስንጥቁ ይዘጋል፤ ቀለምና ቫርኒሽ ይቀባል።

ዋናው ምስጢር ግን ከአገጯ ሥር እንደ ምላስ ወጥታ ወደ ፊት የምታዘነብለው ትንሽ ጠፍጣፋ ቁራጭ ናት። ክሩ ሲጐተት ውሃው ይህችን ቁራጭ ይገፋል። ግፊቱም ዓሣዋን ወደ ታች ያጠልቃታል፤ ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ያንገዳግዳታል። ቁራጯ ጥቂት ብታጋድል ዓሣዋ በጐኗ ትገለበጣለች ወይም ወደ አንድ ወገን ትሮጣለች። ወደ ግራ የምትሄድ እንደ ሆነ የአፏን ቀለበት በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማጠፍ ያቀናታል፤ ወደ ቀኝ ከሄደችም እንዲሁ ወደ ግራ። ስለዚህ ላውሪ የሠራትን ዓሣ በውሃ ውስጥ ጐትቶ አካሄዷን ሳያይ ለሰው አይሰጥም ነበር። ይህ ልማድ በኋላ የፋብሪካው ሕግ ሆነ፤ እያንዳንዷ ዓሣ በገንዳ ውሃ ተፈትና ነበር የምትሸጠው።

አዲሲቱ ማጥመጃ የቤተ ሰቡን ኑሮ ለወጠች። በአንዳንድ ቀን ላውሪ ወደ 270 ኪሎ ግራም የሚደርስ ዓሣ ይዞ ይመለስ እንደ ነበረ ይነገራል። ጐረቤቶቹ ምስጢሩን ሊያውቁ ፈለጉ፤ ከእርሱም ይገዙ ጀመር። እርሱ ቢላዋውን አላስቀመጠም፤ ሥራው ሲበዛም ቤተ ሰቡ በሙሉ ገባበት። ኤልማ የልጆቹንና የቤቱን ሥራ ይዛ ባልዋን ትረዳ ነበር። ልጆቹም እየቀረጹ፣ እየቀቡ አደጉ። ከወንዶች ልጆቹ ሬይዮ፣ ኤንሲዮ፣ ሪስቶና ኤስኮ በኋላ ሥራውን ከአባታቸው ጋር ይዘው አሳድገውታል።

በ1939 መጨረሻ የሶቪየት ጦር ፊንላንድን ወጋ። ያ የክረምት ጦርነት የተባለው እስከ መጋቢት 1940 ቈየ፤ ዳግመኛም ከ1941 እስከ 1944 ሌላ ጦርነት ሆነ። በጦርነቱ ዘመን ከውጭ አገር የሚመጣ ቡሽ ሲታጣ ላውሪ ወደ ገዛ አገሩ ደን ተመልሶ የጥድ ቅርፊት ቀረጸ። ለእኛ ይህ ነገር ትልቅ ትምህርት ይመስለናል። ዕቃ ጠፋ ብሎ ሥራውን አልተወም፤ በደጁ ያለውን ተመልክቶ ሥራውን ቀጠለ እንጂ።

በ1952 የዓለም ኦሊምፒክ ጨዋታ በሄልሲንኪ ከተማ ተደረገ። አገራችን ኢትዮጵያ ገና በጨዋታው አትካፈልም ነበር፤ የተካፈለችው ከአራት ዓመት በኋላ በሜልቦርን ነው። በዚያ በጋ ከየአገሩ ወደ ፊንላንድ የመጡ ስፖርተኞችና እንግዶች የራፓላን ዓሣ አይተው ገዙ፤ ወደ አገራቸውም ይዘዋት ሄዱ። እንዲህ እያለች አሜሪካ ደረሰች። በ1959 በሚኒሶታ ክፍለ አገር የማጥመጃ ዕቃ ነጋዴ የነበረው ሮን ዌበር ይህች ዓሣ ሌላው ያልያዘውን ስትይዝ ተመለከተ። ከጓደኛው ከሬይ ኦስትሮም ጋር ሆኖ ወደ ፊንላንድ ጻፈ፤ ሁለቱም በአሜሪካ ይሸጧት ጀመር።

በነሐሴ 1962 ላይፍ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ መጽሔት ስለ ራፓላ ማጥመጃ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ወር ማሪሊን ሞንሮ የተባለችው የፊልም ተዋናይ ሞታ ነበርና የመጽሔቱ ሽፋን የእርስዋ ሥዕል ነበረበት። ስለዚህ ያ እትም ከወትሮው ይልቅ እጅግ ብዙ ሰው እጅ ገባ። ስለ ተዋናይቱ ሊያነብ የገዛው ሁሉ ስለ ፊንላንዳዊው ዓሣ አጥማጅም አነበበ። ከዚያ በኋላ እስከ 3 ሚሊዮን የሚደርስ ትእዛዝ መጣ ይባላል። በገጠር ቤት ውስጥ በቢላዋ የሚቀርጽ ቤተ ሰብ ይህን ሁሉ ሊሠራ አይቻለውም። ስለዚህ መኪና መጣ፤ ሠራተኞች ተቀጠሩ፤ ፋብሪካ ተሠራ። የአካባቢው ሰው እንጀራውን ለመፈለግ ወደ ሩቅ ከተማ መሄድ ቀረለት፤ በመንደሩ ሥራ አገኘ።

ላውሪ ራፓላ ጥቅምት 20 ቀን 1974 በ68 ዓመቱ ዐረፈ። በአገራችን ዘውዳዊው መንግሥት ከወደቀ ገና ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ ሥራው አልቆመም፤ ስሙን የያዙት ማጥመጃዎች ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ተሸጠዋል። ያ የተረሳ የእናት ስም በመዝገብ ላይ ባዶ ሆኖ ቢቀርም፣ በምትኩ የተጻፈው የመንደር ስም በዓሣ አጥማጆች ሁሉ ዘንድ ታወቀ።

አሁን ይህ ታሪክ እኛን ለምን ይመለከተናል? በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን ተንቋል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዪቱን፣ ቆዳ ፋቂውን ሰው በክፉ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር፤ ያን ጊዜ ላውሪ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረ። ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ንቀቱ ግን ከልባችን ፈጽሞ ወጥቷል ለማለት አንደፍርም። ከእኛ ከተማሪዎችም መካከል የትምህርት ትርጕሙ እጅን ከአፈርና ከእንጨት ማራቅ የሚመስለው አይጠፋም።

በዚህ ዓመት ፈተና ተቀምጠን የምንለያይ ጓደኞች ሁላችንም ወደ ዩኒቨርሲቲ አንገባም። ይህን ወላጆቻችንም መምህሮቻችንም ያውቁታል። ከፊላችን ወደ ሮቤና ጎባ ሱቆች፣ ከፊላችን ወደ አባታችን ስንዴና ገብስ እንመለሳለን። ይህ ቀን ለብዙዎች እንደ ሞት ይከብዳቸዋል፤ ደጁ የተዘጋባቸው ይመስላቸዋል። የላውሪ ራፓላ ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። እርሱ ወደ ሩቅ አልሄደም፤ ያደገው በአንድ ሐይቅ ዳር፣ ያገባው በዚያው፣ የሠራውም በዚያው ነው። ሌሎቹ አጥማጆችም ያንኑ ውሃ በየቀኑ ያዩት ነበር፤ እርሱ ግን ለምን ብሎ ጠየቀ፤ የጠየቀውንም በእጁ ሞከረ። በክፍላችን የተማርነው የሒሳብና የሳይንስ ትምህርትም ቢሆን መጠየቅና መሞከር ከሌለበት በደብተር ላይ የቀረ ቀለም ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ብንጨምር አይከፋም። ይህን ያነበበ ወንድማችን ዛሬውኑ ቢላዋ ይዞ ኮርች ቢፈልግ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ውስጥ ያለ ፈቃድ ማጥመድ አይገባም። የሚበላውን ያህል ይያዝ፤ ትንንሹን ወደ ውሃው ይመልስ፤ የተበጠሰ ክርና መንጠቆ በወንዝ ዳር ጥሎ አይሂድ። ውሃው የዓሣው ብቻ አይደለም፤ የወፎቹም፣ የከብቶቹም፣ የእኛም ነው።

ጌታችን በገሊላ ባሕር ዳር ሲመላለስ አስቀድሞ የጠራቸው መረብ የሚጥሉ ሰዎችን እንደ ነበረ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። እንግዲህ የእጅ ሥራን እግዚአብሔር ካልናቀው እኛ የምንንቅበት ምክንያት የለንም። ወደ ሐኪም ቤትም ብንገባ፣ ወደ ቢሮም ብንገባ፣ ወደ እርሻም ብንመለስ፣ በፊታችን ያለውን ነገር በትዕግሥት እንመልከት፤ የሠራነውንም እንደዚያ አጥማጅ በውሃ ሳንፈትን ለሰው አንስጥ።